የሱሃስ መጥረጊያ

ዛሬ ዛሬ ላልባግ ገበያ ዓሣ ልገዛ ስወጣ እንኳ ሰላም የለኝም። ዓሣ ሻጩ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ የባንኩ ዘበኛ ጃንጥላውን ገልብጦ «ሻሊኒ ታይ፣ እህታችን፣ ወንድምሽ ኳሷን እንዲህ አይደል የሚመታት?» ይለኝና አንድ ጉልበቱን አስፋልቱ ላይ ይተክላል። አይደለም! ስንቴ ልናገር? ጉልበቱ መሬት አይነካም። አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ቁም ነገሩም እሱ ነው። ግን ከባንክ ዘበኛ ጋር ምን ያከራክረኛል፣ ዓሣዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

በእኛ አገር ትልቅ የሚባል የክሪኬት መቺ ሁሉ የራሱ የሆነች አንዲት ምት አለችው። ሌላውን ኳስ እንደማንም ሊመታ ይችላል። እሷን ሲመታ ግን ፊቱን ባታዩት እንኳ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባታችን፣ ባባ፣ እሁድ እሁድ በረንዳው ላይ ጃንጥላ ይዞ ይቆምና ሰፈሩን ያስገምት ነበር። አንድ እግሩን አንስቶ ጃንጥላውን በወገቡ ዙሪያ ሲያሽከረክር ከላይኛው ፎቅ ሳይቀር የአንዱን መቺ ስም ይጮሃሉ። የእጁን አንጓ ብቻ ጠምዘዝ ሲያደርግ የሌላውን። በእግሩ ጣት ቆሞ ከራሱ በላይ ያለችውን ኳስ ወደ ኋላ ነካ ሲያደርጋት ደግሞ «እሱማ ምን ይጠየቃል!» ይላሉ። መጨረሻ ላይ የራሱን ይመታል፤ ግራ ክርኑ ወደ ላይ፣ ጃንጥላው ቀጥ፣ ኳሷ በወርዋሪው አጠገብ መሬት ለመሬት ስትሄድ የምናያት ይመስለን ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ሲጫወት በዚያች ምት ነበር የሚታወቀው። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ ምቷ ከጃንጥላው ጋር ቀረች።

ለልጁ ሊያወርሳት ፈልጎ ነበር፣ ግቢያችን እምቢ አለ እንጂ። የኛ ግቢ ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ክፍልና አንዲት ኩሽና፣ ከፊት ለሁሉም አንድ ረጅም በረንዳ፣ ከታች ለጨዋታ የምትሆን ጠባብ ሜዳ። ከሜዳው በስተግራ የጎረቤታችን የኢንዱ ካኩ የኩሽና መስኮት አለ። እሱን የመታ አውት ነው፣ ተራውን አጥቶ ይወጣል፣ ከዚያም የኢንዱ ካኩን ስድብ ይጠጣል። በስተቀኝ የውሃ ታንከሩ አለ፣ እሱም አውት። ፊት ለፊት ደግሞ ትንሿ የጋንፓቲ መቅደስ። እሷን መምታት አውት ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። እንግዲህ የባባ ምት ቀጥታ አምላካችን ላይ ነው የምታርፈው። ሱሃስ ምን ያድርግ? የቀረው ከኋላው ያለው ብቻ ነው። ከኋላው ደረጃው አለ፣ ደረጃው ላይ ኳስ ቢሄድ የሚቆጣ የለም። ስለዚህ ኳሷ ወደ እግሩ ስትመጣ ዝቅ ይላል፣ ዱላውን አግድም ያስተኛል፣ ከፊት ወደ ኋላ ይስባታል። ኳሷ በግራ ትከሻው በኩል ሽው ብላ ከኋላ የቆመውን ያዢ አናት ትሻገራለች። እሱ ዞሮ እንኳ አያያትም።

ባባ መጀመሪያ ቀን ሲያይ ያበደ መሰለኝ። «ይሄ መምታት ነው? ይሄ መጥረግ ነው! መጥረግ ከፈለግህ እህትህ መጥረጊያውን ጥግ ላይ አስቀምጣልሃለች፣ በረንዳውን ጥረግልን!» አለው። ሰፈሩ ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ። መጥረጊያ። አሁን የቴሌቪዥን ሰዎች ከራቫት አስረው «መጥረጊያው!» እያሉ ሲጮኹ ከማን አፍ እንደወጣ የሚያውቅ የለም።

አባትና ልጅ በዚያች ምት የተነሳ ስንት ዓመት ተኮራረፉ መሰላችሁ። ሱሃስ ለክፍለ ሀገሩ ሲመረጥ ባባ እንኳን ደስ አለህ አላለም፣ «እዚያም ትጠርጋለህ?» ነው ያለው። ለአገር ሲመረጥ ግቢው ሙሉ ከበሮ እየመታ፣ ባባ ጥግ ይዞ ጋዜጣ ያገላብጥ ነበር፣ ያውም የትናንቱን። ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ምርቃት ሊቀበል ጎንበስ ብሎ የባባን እግር ነካ። ባባ እጁን ራሱ ላይ አደረገለትና «እንዳትጠርግ» አለው። ሌላ ቃል የለም። ሱሃስ ሄደ። እኔ ነኝ ታክሲው ድረስ የሸኘሁት። «ታይ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ጎበዝ ቢለኝ ምን ይሆናል?» አለኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ በሁለቱ መሃል መልእክተኛ እኔ ነኝ፣ ይህችን መልእክት ግን ማድረስ አልቻልኩም።

የመጀመሪያ ጨዋታው ቅዳሜ ቀን ነበር፣ ከኛ ሩቅ በሆነ ከተማ። ጠዋት ሱሃስን አደራ ብዬ ለጋንፓቲ ኮኮናት ሰበርኩ። ባባ ተላጨ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ የብረት ወንበሩን መስኮቱ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። የኛ ቴሌቪዥን ከግቢው ትንሹ ነው። ግን ልጁ የኛ ነዋ! ሦስቱም ፎቅ እኛ ክፍል ውስጥ ገባ። አልጋው ላይ፣ አልጋው ሥር፣ በር ላይ፣ እስከ በረንዳው ድረስ ሰው በሰው ላይ ሆነ።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ጨዋታው ደህና በሄደ ጊዜ ሁሉም ያለበት ቦታ ይቀራል። የተቀመጠ አይነሳም፣ የቆመ አይቀመጥም፣ እግሩን ያጠፈ አይዘረጋም። ሰው ከተነቃነቀ የኛ መቺ አውት ይሆናል። ሳይንስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከኛ ግቢ ሁለት መሐንዲሶች ወጥተዋል፤ ሁለቱም አይነቃነቁም። የሕጉ አስከባሪ ፓንዱ ካካ ነው፣ የባባ የልጅነት ጓደኛ፣ ለኛ እንደ አጎት። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ስለኖረ ሰውን ባለበት ማስቆም ያውቅበታል።

እንግዶቹ ቀድመው ብዙ ነጥብ ሰብስበዋል። የኛዎቹ ሲጀምሩ ግን አንዱ ገብቶ አንዱ ይወጣል። ሱሃስ ሲገባ ክፍሉ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እኔ ሻይ ላፈላ ኩሽና ገብቼ፣ በራፉ ላይ ብቅ ስል የመጀመሪያ ኳሱን መታ። አራት ነጥብ!

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አለ ፓንዱ ካካ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «ሻሉ፣ አንቺ እዚያው በራፍ ላይ። ኢንዱ፣ አንቺም!»

ኢንዱ ካኩ ምስኪን ሦስት ሽንኩርት ልትበደር ነበር የመጣችው። «ኧረ ካካ፣ እሳት ላይ ምስር ጥጄ ነው የመጣሁት!»

«ይረር!»

ቪታል የሚባለው ጎረቤታችን ደግሞ በረንዳው ጫፍ ላይ ካለው የጋራ ሽንት ቤት ውስጥ ነበር። እንዳይወጣ ከውጭ ቀረቀሩበት። «አራቱን ማን መታው? ኧረ ንገሩኝ!» እያለ በሩን ይደበድባል፣ ሰው በሳቅ ይሞታል። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ባባ ግን አልሳቀም። ቀና ብዬ ሳየው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ሱሃስና ጓደኛው ነጥቡን እያስጠጉት ነው፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጧል። ደግሞ አየሁት። ነጩ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፣ በቀኝ እጁ ግራ ክንዱን ከላይ እስከ ታች ያሻል፣ አገጩን እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ይዟል። እናቴ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። ያንን ላብ አውቀዋለሁ።

«ባባ!» አልኩ። «ባባ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም።» ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም።

«ካካ፣ ኧረ እየው፣ ሰውዬው ታሟል!»

ፓንዱ ካካ አንገቱን ብቻ አዞረ። «ዳታ፣ ደህና ነህ?» ባባ አውራ ጣቱን አነሳለት። «አየሽ? ጋዝ ነው። ጠዋት በዘይት የተጠበሰ ስንት ቫዳ በላ? እኔ እያየሁ አራት በላ!»

ምን ጋዝ አለ! እግሬን አንስቼ ወደሱ ተራመድኩ። አንዷን የሰው ጉልበት ተሻግሬ ሁለተኛዋን ሳነሳ ክፍሉ በአንድ አፍ «ኦ!» አለ። ከሱሃስ ጋር የነበረው መቺ አውት ሆነ። ሊጠብቃቸው የሚገባው ሦስቱ እንጨቶች ከኋላው ተበታትነው ይታያሉ። እንግዶቹ ተቃቅፈው ይዘላሉ።

እግዜር ያሳያችሁ። ሃምሳ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ስድቡን አልደግመውም። አንዷ «ወንድሟን በገዛ እግሯ!» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሁሉም የከፋው ግን ባባ ነው። ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ድምፁ ግን እንደ ድሮው ነበር።

«ሻሉ፣ ወደ ቦታሽ ተመለሺ።»

«ባባ፣ ተነስ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ታች ዶክተሩ ጋ እንውረድ።»

«ተመለሺ አልኩ! ለትምህርት ቤቱ ዋንጫ ሲጫወት ውሃ ልጠጣ ብዬ ብድግ ያልኩ ጊዜ ነው አውት የሆነው። መቶ ነጥብ ሊሞላ ምንም ሳይቀረው። ዛሬ አልነሳም። ብትነኪኝ አልምርሽም።» የወንበሩን ብረት ጨበጠው፣ ጣቶቹ ነጡ።

ይህን ሁሉ ዓመት ምቱን ሲሰድብበት የኖረ ሰው፣ ውሃ የጠጣበትን ቀን እንዲህ ይዞ መቆየቱን እኔ በምን ልወቅ? ተመለስኩ። ካልተመለስኩ እዚያው ይጮህ ነበር፣ መጮህ ደግሞ ያንን ልብ ይጨርሰዋል። እሱን በግድ ለማውጣት ደግሞ ከወንበሩ እስከ ደረጃው ያለው ሰው ሁሉ መነሳት አለበት። ከእነሱ አንድ ጉልበት የሚያነሳ አልነበረም።

ኩሽና ገብቼ ስልኩን አነሳሁ። አምቡላንሱ ጋ ደወልኩ፣ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፣ ተይዟል። ከዚያ ታች ምድር ቤት ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር ፔድኔካር ጋ ደወልኩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ለግቢው ሰው ሁሉ የቤተሰብ ያህል ናቸው። አነሱት። ከጀርባቸው ያው የጨዋታ ድምፅ ይጮሃል።

«ዶክተር፣ ባባ አልቦታል፣ ግራ ክንዱን ይዟል፣ አገጩንም። ቶሎ ይድረሱልኝ!»

«ግራ ክንዱን?»

«አዎ!»

«በይ መጣሁ…» አሉ። ወንበራቸው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ልክ ያን ጊዜ ከላይም ከታችም፣ ከኛ ክፍልም ከስልኩም ውስጥ አንድ ጩኸት ወጣ። ሱሃስ ጠርጓት ነበር። ስድስት ነጥብ!

«ዶክተር? ዶክተር!»

«ሻሊኒ…» ድምፃቸው የሕፃን ልጅ ድምፅ ሆነ። «ስነሳ ነው የመታት… ብድግ ብዬ ግማሽ ላይ ነኝ። በሽተኞቹ ሁሉ ይዘውኛል፣ እንዳለህ ቁም ይሉኛል። ይኸውልሽ፣ አስፕሪን አለሽ? ያኝከው። ያኝከው እንጂ አይዋጥ። ሱሃስ አውት እንደሆነ በዚያችው ቅጽበት እመጣለሁ። እናቴን!»

ተምረው፣ አክመው፣ ስንቱን ከሞት ያተረፉ ሰው፣ ቂጣቸውን ግማሽ አንስተው ቆመዋል። ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም፣ አንድ ድምፅ ከአፌ ወጣ።

አስፕሪኑን ከእናቴ ሣጥን አወጣሁ። ከበራፉ ለኢንዱ ካኩ ሰጠሁ፣ እሷ ለፊተኛው፣ እሱ ለቀጣዩ፣ እንዲህ እያለች ክኒኗ በሰው እጅ ሄደች። ማንም ዞሮ አላያትም። መሃል ላይ አንዱ ከረሜላ መስሎት ወደ አፉ ሊወረውራት ነበር፣ ጮኼበት አቀበላት። ባባ ተቀብሎ አኘካት። ፊቱ አልተጨማደደም። መራራነቱንም የሰማው አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሱሃስ አውት ቢሆን ሁሉም ይነሳል። መንገዱ ይከፈታል፣ ዶክተሩ ይመጣሉ፣ ባባም ራሱ እጁን ከብረቱ ላይ ያነሳል። ሱሃስ ሜዳው ላይ እስካለ ድረስ ግን አባቴ ከዚያ ወንበር አይነሳም። ሌላ መውጫ የለም። ከመደርደሪያው በላይ ወደ ተሰቀለችው የጋንፓቲ ሥዕል ዞርኩና ጠዋት ኮኮናት ሰብሬ የለመንኩትን ተወው አልኩት። «ወንድሜን አውት አድርገው። አሁኑኑ። ይሳት፣ ይደናቀፍ፣ ዱላው ይሰበር፣ እንደፈለግህ አድርገው። ነገ ሰው ይሰድበው፣ ዳግመኛ አይምረጡት፣ ግድ የለም። ብቻ አውት ይሁን።» በዚያች አገር ላይ በዚያች ሰዓት የገዛ ወንድሟ እንዲወድቅ የምትጸልይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሱሃስ እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም። ጸሎቴ ተገልብጦ የደረሰ ይመስል የነካው ሁሉ ይበራል። ግራ አራት፣ ቀኝ አራት። በኛ ግቢ ያልቻለውን ሁሉ፣ መስኮት የለ ታንከር የለ፣ በየአቅጣጫው ይልካታል። ከዚያ ወደ እግሩ ወረወሩለት። ዝቅ አለ፣ ጠረጋት። ኳሷ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለች። ግን ወደ ሩቅ አልሄደችም። ቀጥ ብላ ወጥታ ቁልቁል ስትመጣ አንዱ ከእንግዶቹ እጁን ዘርግቶ ሥሯ ቆመ። መሬት ሳትነካ ከያዛት ሱሃስ አውት ነው።

«ያዘው!» ብዬ ጮህኩ። «ያዘው! ያዘው! በናትህ ያዘው!»

ከእጁ አፈትልካ ወደቀች።

ክፍሉ በደስታ ተናጋ፣ ሳይነሱ ነው የጮኹት፣ ተቀምጠው። ኢንዱ ካኩ ብቻ ሽንኩርቷን በሳሪዋ ጫፍ ቋጥራ እኔን ታየኛለች። ቡዳ ያየች ነው የምትመስለው። «ሻሉ፣ ምን አልሽ?» አለችኝ። ጣቴን ወደ ባባ ቀሰርኩላት። አየችው። ፊቷ ተለወጠ። «ፓንዱ ካካ…» አለች ቀስ ብላ፣ ማንም አልሰማትም። የመጨረሻው ዙር ተጀምሮ ነበር።

ባባ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፏል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው፣ ልጁ ላይ ነው። ሱሃስ ሌላ ጠረገ፤ አራት። የባባ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት እንደሰማሁት አላውቅም።

«ጠረገው» አለ።

ተቆጥቶ ይሁን ተደስቶ ዛሬም አላውቅም። ስንት ሌሊት ያቺን ቃል ከላይ ከታች አገላብጫታለሁ፣ አንድ ቀን ስድብ ትሆንብኛለች፣ አንድ ቀን ምርቃት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቴሌቪዥን ላይ አላየሁም። አገር ሁሉ የሚያወራላትን ያቺን የመጨረሻ ኳስ፣ አሁን በየጃንጥላው የምትታየዋን፣ እኔ አላየኋትም። የባባን እጅ ነበር የማየው። ከወንበሩ ብረት ላይ አንድ አንድ ጣቱ እየለቀቀ መጣ። ከዚያ እጁ ጭኑ ላይ ወደቀ። ወዲያው ግቢው ፈነዳ።

ተነሱ! አሁን ሁሉም ተነሱ! አልጋው ተሰበረ፣ ትራስ ተቀደደ፣ ሰው በሰው ላይ ተንጠላጠለ። በረንዳው ላይ ቆርቆሮ ይደበደባል። ቪታልን አውጥተው ትከሻ ላይ ሰቀሉት። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ክንድና እግር መሃል ማለፍ አልቻልኩም። ሲቀመጡ አላሳልፍ ያሉኝ ሰዎች ሲጨፍሩም አላሳለፉኝም። እያገላበጡ ይስሙኛል፣ «እህቱ! እህቱ!» ይሉኛል፣ እኔ «ልቀቁኝ» እላለሁ፣ የደስታ እንባ መሰላቸው። ከኔ ቀድሞ ባባ ጋ የደረሰው ፓንዱ ካካ ነው። «ዳታራም! አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ፣ አሁን ምን ትላለህ? አሁንም መጥረግ ነው?» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ባባ ወደ ጎን ዘመም አለ።

ፓንዱ ካካ እጁን አየ። እጁ ያጠፋ ይመስል።

ዝምታው ከዚያ ጥግ ጀምሮ ወደ በረንዳው ወጣ። ዶክተር ፔድኔካር ደረጃውን በሩጫ ወጥተው ሰውን እየገፉ ገቡ። አንገታቸው ላይ አንዱ የአበባ ጉንጉን አጥልቆባቸዋል። ተንበረከኩ፣ አንገቱን ዳሰሱ፣ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ፣ ጉንጉኑ መሃላቸው ተጨፈለቀ። ደረቱን ይጫኑ ጀመር። ብዙ ተጫኑ። ከዚያ ተዉት። ቀና ብለው እኔን ለማየት አልቻሉም፣ ወለሉን አዩ።

ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ አልተገኘም። ሱሃስ ታየ። ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኖ፣ ማይክራፎን ፊቱ ላይ ተደቅኗል። ምቷን ከየት አመጣሃት አሉት። «ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ነው» አለ፣ ሳቁ። «አባቴ ግን አይወዳትም። መጥረግ ነው ይላል። እቤት ተቀምጦ እያየኝ ነው፣ አሁን ወንበሩ ላይ ሆኖ እየሰደበኝ ነው።» ደግሞ ሳቁ። ፓንዱ ካካ የአንገቱን ሻሽ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ቃል የሚያስቆም ሰው።

ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የሱሃስ ስም ነው። ሁሉም ስልኩን አዩ። ለፓንዱ ካካ ዘረጋሁለት፣ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ለዶክተሩ ዘረጋሁ፣ ጉንጉኑን ከአንገታቸው ለማውጣት ይታገላሉ፣ ያላዩ መሰሉ። ስንት ትእዛዝ ሲሰጡኝ የዋሉ ሰዎች አንድ ቃል የሚወጣው ከመካከላቸው ጠፋ። አነሳሁት።

«ታይ! አያችሁ? አያችሁ ወይ?»

«አየን» አልኩ።

«ማንም ከቦታው አልተነሳም አይደል? እኔ ሜዳ ላይ ሆኜ እሱን ነበር የማስበው! ፓንዱ ካካ አለ፣ ማንንም አያስነሳም እል ነበር!»

«ማንም አልተነሳም።»

«ባባ ምን አለ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሳታሳምሪ።»

ዓይኖቼን ጨፈንኩ። «ጠረገው አለ።»

ሱሃስ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው። «አሁንም? ይሄ ሽማግሌ መቼም አይለወጥ! ስጪኝ እስቲ፣ አገናኚኝ።»

«ሱሃስ…» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል አልመጣልኝም። ከሱ በኩል ሙዚቃ ይሰማል፣ ሰው ስሙን እየጠራ ይጎትተዋል።

«ምነው? አኩርፎ ነው? አያናግረኝም?»

ዝም አልኩ።

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ። አታስጨንቂው። አያናግረኝ፣ ዝም ይበል። ስልኩን ብቻ ጆሮው ላይ አድርጊለት፣ እኔ የምለው አለኝ። በናትሽ ታይ። መልስ አልፈልግም።»

ኢንዱ ካኩ ክንዴን ያዘችኝ፣ ለቀቀችኝ። ሰዉ መንገድ ከፈተልኝ። አሁን ከኩሽናው በራፍ እስከ ወንበሩ ድረስ ማንም አልተጋረጠብኝም። ሄድኩ። ተንበረከክሁ። የባባን ጭንቅላት ቀና አድርጌ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት፣ ሱሃስም ማውራት ጀመረ።